ከፍ ያለው ላንድክሩዘር መሪው ለምን ይርገፈገፋል?

ጥያቄ፦ «የ1994 ሞዴል ላንድክሩዘር 80 አለኝ፤ ሞተሩ 1ኤችዜድ ናፍጣ ነው። ከሁለት ወር በፊት ሞላዎቹን መኪናውን በ50 ሚሊሜትር ከፍ በሚያደርጉ ሞላዎች ቀየርኩ፤ ጎማውንም ከ275/70 አር 16 ወደ 285/75 አር 16 አሳደግሁ። ከዚያ ወዲህ በሰዓት ከ70 እስከ 80 ኪሎሜትር ስሄድ አንዱ የፊት ጎማ ጉድጓድ ወይም የድልድይ መጋጠሚያ ሲመታ መሪው ከእጄ ሊወጣ እስኪደርስ ግራና ቀኝ ይርገፈገፋል። ፍጥነቴን በጣም ካልቀነስኩ አይተወኝም። ጎማዎቹን ሁለት ጊዜ ባላንስ አስደርጌያለሁ፤ ለውጥ የለም። አሁን ጠንካራ የመሪ ዳምፐር እንድገዛ ተመክሬያለሁ። ልግዛ? በቅርቡ ደግሞ የብረት መከላከያና ዊንች ከፊት ልገጥም አስቤያለሁ።»

ምላሽ፦ ዳምፐሩን ለጊዜው አይግዙ። ምናልባት በመጨረሻ አሮጌውን በአዲስ ይተኩት ይሆናል፤ ዛሬ ከገጠሙት ግን መርገፍገፉ ለጥቂት ሳምንታት ይደበቅና ያመጣው ነገር ውስጥ ውስጡን ሲበላ ይቆያል። ዳምፐር የመሪውን ዘንግ እንቅስቃሴ በውስጡ ባለው ዘይት የሚያዘገይ ዕቃ ነው። ድንጋይ ጎማውን ሲመታ ወደ እጅዎ የሚመጣውን ግርፋት ያለዝባል። ጎማውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ግን የእሱ ሥራ አይደለም። ጤነኛ የፊት አክስል ዳምፐሩ ቢፈታም አይርገፈገፍም። እኔ እንዲህ ያለ ጥገና ስጨርስ ዳምፐሩን ፈትቼ፣ ሰውና መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ከዝቅተኛ ፍጥነት እየጀመርኩ እፈትሻለሁ። ያለ ዳምፐር ጸጥ ብሎ ከሄደ ሥራው ተሠርቷል እላለሁ።

ወደ ምክንያቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ይህ እስኪስተካከል ድረስ መርገፍገፉ በሚነሳበት ፍጥነት አይንዱ። በድንገት ቢመጣብዎ ፍሬን አጥብቀው አይርገጡ፤ ክብደቱ ወደ ፊት ሲወርድ መርገፍገፉ ሊብስ ይችላል። እግርዎን ከነዳጅ ያንሱ፣ መሪውን በሁለት እጅ ያዙት፣ አውራ ጣትዎ ግን በመሪው ውስጥ በኩል አይግባ፤ ሲወራጭ ይሰብረዋል። ፍጥነቱ ሲወርድ ራሱ ይተዋል። ከዚያ ዳር ይዘው ይቁሙና የመሪውን ዘንጎች አይተው ነው መቀጠል ያለብዎት፤ አንድ ጠንካራ መርገፍገፍ ብቻውን የላላን መገጣጠሚያ ሊያላቅቅ ይችላል።

ባላንስ ለምን እንዳልረዳዎ ከጥያቄዎ ራሱ ይታያል። ባላንስ ያጣ ጎማ ወይም የተጣመመ ቸርኬ ንዝረት ነው የሚያመጣው፤ ንዝረት የሚመጣው በተወሰነ ፍጥነት ነው፣ መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ቢለሰልስም ይኖራል፣ ፍጥነቱ ሲያልፍ ይጠፋል። የእርስዎ ግን ቀስቃሽ ይፈልጋል። ጉድጓዱ ይቀሰቅሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ጉድጓድ ሳያስፈልገው ራሱን እየመገበ ይቀጥላል። ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ድፍን አክስልና በአንድ የመሪ ዘንግ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲወራጭ ሌላውን ይዞት ይሄዳል፤ ላንድክሩዘር 80 ብቻ ሳይሆን ራንግለር፣ ጂምኒ፣ የቀድሞዎቹ ፓትሮልና ዲፌንደር፣ ድፍን የፊት አክስል ያለው ሁሉ ለዚህ ነገር የተጋለጠ ነው። እንዲህ ያለው መርገፍገፍ ሁለት ነገር ሲገናኝ ይነሳል፦ ጎማውን ወደ መሃል የሚመልሰው ኃይል ሲደክም፣ እና የሆነ ቦታ ልል ነገር ሲኖር። በእርስዎ መኪና የመጀመሪያውን ያመጣው ሞላው እንደሆነ አልጠራጠርም። ሁለተኛው ደግሞ ምናልባት ከሞላው በፊትም ነበረ፤ ያን ጊዜ ግን የሚሸፍነው ነገር ነበረው።

ጎማውን ወደ መሃል የሚመልሰው ካስተር የሚባለው ዘንበላ ነው። መኪናውን ከጎን ሆነው ሲያዩት የፊት ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ከላይ በኩል ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል። የብስክሌት የፊት ሹካም እንዲሁ ነው፤ እጅን ለቆ መንዳት የሚቻለው አንድም በዚያ ዘንበላ ነው። ላንድክሩዘር 80 ከፋብሪካ ሲወጣ ካስተሩ 3 ዲግሪ ገደማ ነው። የፊት አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያይዙት ሁለት ረጃጅም ክንዶች ከአክስሉ ተነስተው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። መኪናው በሞላ ከፍ ሲል የክንዶቹ የኋላ ጫፍ ከሻንሲው ጋር አብሮ ይነሳል፣ አክስሉ ግን ጎማው ላይ ነውና እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ክንዱ አክስሉን ይዞት ይዞራል፤ የአክስሉ አናት ወደ ፊት ይጋደማል። ለስሌት ያህል ክንዱን 1 ሜትር ብንለው፣ ጫፉ በ50 ሚሊሜትር ሲነሳ አክስሉ ወደ 2.9 ዲግሪ ይዞራል። ከ3 ዲግሪ ላይ ይህን ይቀንሱ። የቀረዎት ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ዛሬ ጎማዎን ወደ መሃል የሚመልሰው ኃይል የለም ማለት ይቻላል፤ መሪውን ከታጠፉ በኋላ ሲለቁት እንደ ድሮው በራሱ ይመለሳል? ሰነፍ ሆኖ ከተገኘ ይህንኑ ነው የሚነግርዎ።

ሞላ የሚሸጡ ሰዎች ይህን ሳይናገሩ መሸጣቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። 50 ሚሊሜትር ትንሽ ነው፣ ምንም አይነካም ይባላል። ለሾክ አብዞርበሩና ለፍሬን ቱቦው ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ለካስተሩ ግን ሁሉ ነገር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያስለኩ። የጎማ አቅጣጫ የሚያስተካክል ማሽን ያለው ማንኛውም ጋራዥ ካስተሩን የግራና የቀኙን ለይቶ በወረቀት ይሰጥዎታል። «ይህ መኪና ካስተሩ አይስተካከልም» ይሉዎት ይሆናል። ልክ ናቸው፣ በዚያ አክስል ላይ የሚዞር ማስተካከያ የለም፤ እርስዎ ግን የሚፈልጉት ልኬቱን ነው። ወረቀቱን ይያዙ። ግራና ቀኙ ከአንድ ዲግሪ በላይ ከተለያየ የታጠፈ ክንድ ወይም የተጣመመ አክስል አለ ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ያኔ ሌላ ጨዋታ ነው።

ካስተሩን ለመመለስ መንገዱ ብዙ ነው። ለ50 ሚሊሜትር ቀዳዳቸው ከመሃል የወጣ ልዩ ጎሚኒዎች (በብረት መገጣጠሚያዎች መካከል የሚገቡ የላስቲክ ቀለበቶች) ይበቃሉ፤ ክንዱ አክስሉን የሚይዝበት ቦታ ላይ ባሉት ሁለት ሁለት ጎሚኒዎች ፈንታ ይገባሉ። ሁለተኛው መንገድ አክስሉ ላይ ተጨማሪ ቀዳዳ ያለው የብረት ሳህን ማሰር ነው፤ ዋናውን የፋብሪካ ጎሚኒ ያስቀራል፣ በዚህም እወደዋለሁ፣ ሥራው ግን መቁረጥና መብሳት ስላለበት እጁ የለመደ ሰው ይፈልጋል። ከፍታው 75 ወይም 100 ሚሊሜትር ከሆነ ደግሞ ተስተካክለው የተሠሩ አዳዲስ ክንዶች መግዛት ነው የሚሻለው። እርስዎ እዚያ አልደረሱም። በጎሚኒው ይጀምሩ።

ጎሚኒው ላይ ሦስት ስህተት ደጋግሜ አይቻለሁ። አንደኛው አዙሮ መግጠም ነው። ቀዳዳው ከመሃል የወጣ ስለሆነ አቅጣጫ አለው፤ ተገልብጦ ከገባ የቀረችውን ካስተር ወስዶ ከዜሮ በታች ያወርዳታል። አንድ ደንበኛ ጎሚኒ ቀይሮ መኪናው ከበፊቱ ብሶበት መጥቶ ነበር፤ አራቱም ተገልብጠው ነው ያገኘኋቸው። ሁለተኛው ጠንካራውን ፖሊዩሬቴን መምረጥ ነው። ጠንካራ ሲባል የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ክንድ ላይ ያለው ጎሚኒ አክስሉ አንዱን ጎማ ሲያነሳና ሌላውን ሲያወርድ መጠምዘዝ አለበት። የማይጠመዘዝ ጎሚኒ ጉልበቱን ለብረቱ ያስተላልፋል፣ ራሱም ቶሎ ይሰነጠቃል። ለዚህ ቦታ ላስቲክ ነው። ሦስተኛውን ብዙ መካኒክ እንኳ ይዘነጋዋል፦ ብሎኖቹ መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱ ሞላው ላይ ሲያርፍ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቁት ላስቲኩ በዚያው ቅርጽ ይያዛል፤ መኪናው ሲወርድ ተጠምዞ ይቀመጣል፣ ገና ሳይነዳ መቀደድ ይጀምራል።

ካስተሩ ሲመለስ መርገፍገፉ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል፤ በዚያ ግን አይርኩ። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያለፈ አክስል ነው የያዙት። ልሉን ነገር ይፈልጉት።

ከፓንሃርድ ዘንግ ይጀምሩ። አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ከሻንሲው ጋር የሚያስረው አግድም ዘንግ ነው። መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ካምቢዮው በገለልተኛ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው ሳለ አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ አጠር አጠር አድርጎ ያወዛውዝ። እርስዎ ከፊት ሆነው ከጎማው መስመር ውጭ ጎንበስ ይበሉና የዘንጉን ሁለት ጫፎች ይመልከቱ። ጫፉ ከመያዣው ጋር አንድ ላይ መንቀሳቀስ አለበት። ዘንጉ ቆሞ መያዣው ሲሄድ፣ ወይም ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ ሲጫወት ካዩ ያ ነው። የጎሚኒ ማርጀት ቀላሉ ነው። ክፉው የብሎኑ ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ሲገኝ ነው፤ ብሎን በማጥበቅ አይድንም፣ ቀዳዳው መሞላት ወይም በጠንካራ ሳህን መታደስ አለበት። ሦስት ዳምፐር ተለዋውጦለት የመጣ መኪና አውቃለሁ። ሦስቱም ዳምፐሮች ጤነኞች ነበሩ፤ በሽታው በፓንሃርዱ የሻንሲ ጫፍ ያለች፣ በዓይን እንኳ ለማየት የምታስቸግር ሞላላ ቀዳዳ ነበረች። ባለቤቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተሰቡን በዚያ መኪና ሲያመላልስ ነበር። ስለዚህ ነው ዳምፐር ሲባል ድምፄ ከፍ የሚለው።

ቀጥሎ የፊቱን በክሪክ ያንሱና በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያስቀምጡት፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር አይግቡ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይግፉና ይሳቡ። የሚያንኳኳ ልልነት ካለ ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው፦ ከጎማው ኩሽኔታ ወይም ጎማው ግራና ቀኝ ከሚታጠፍበት ከመሪው አንጓ ኩሽኔታ። ለመለየት ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልዎ። ፍሬን ሲረገጥ ልልነቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ፍሬኑ ሁለቱን ስላሰረ ነው የጠፋው። ፍሬን ተረግጦም ካለ የአንጓው ነው።

የአንጓው ኩሽኔታ ላይ ልቆይ፤ በዚህ አክስል ላይ ከሁሉ በላይ የሚረሳው እሱ ነው። በእያንዳንዱ በኩል ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ፣ በድምሩ አራት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች አሉ፤ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርባቸው እነሱ ናቸው። ሙሉ ዙር አይዞሩም፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ ይላሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ቀጥ ባለው ቦታ ላይ ይቆማሉ። መንገዱ ሲመታቸው ጥቅልሎቹ በዚያችው ቦታ ላይ ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ይቆፍራሉ። ሌላው ጠላታቸው ዘይት ነው። ከዲፈረንሻሉ የሚመጣውን ዘይት የሚከለክለው የውስጥ ፓራኦሊዮ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ አንጓው ኳስ ይገባል፣ ግራሶውን ያቀጥነዋል፣ የተደባለቀው ሾርባ በኳሱ ዙሪያ ይንጠባጠባል። ከፊት ጎማዎ በስተጀርባ ያለው ክብ ኳስ በዘይት ርሶ አቧራ ከለበሰ ምልክቱን አይተዋል።

እነዚህ ኩሽኔታዎች ልል መሆን ብቻ ሳይሆን በቂ ጥብቀት ማጣታቸውም ጥፋት ነው። ሲገጠሙ ሺም በሚባሉ ስስ የብረት ቅጠሎች ተለክተው በመጠኑ ተጭነው ነው የሚታሰሩት፤ ያ ጭነት ለመዞር ጥቂት እምቢታ ይሰጣቸዋል፣ ያ እምቢታ ደግሞ መርገፍገፍን የሚገታ የመጀመሪያው ኃይል ነው። ስለዚህ በእጅ ሲነቀንቁት ምንም የማያንኳኳ አንጓ እንኳ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው የመሪውን ዘንግ ከአንጓው ፈትቶ፣ ጎማውን አውጥቶ፣ አንጓውን በእጅ ማዞር ነው። እንደ ቅቤ ከሄደ ጭነቱ የለም። መሃል ላይ ደርሶ ጎድጓዳ ውስጥ እንደ መቀመጥ ካለ ጥቅልሎቹ ቆፍረውታል፤ አራቱም ይቀየሩ። ሲታደስ ጭነቱ በስሜት አይገመትም፤ የአንጓው ክንድ ላይ በሚያያዝ የስበት ሚዛን ተስቦ ይለካል፣ ልኩም በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ተጽፏል። ሚዛን የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ ባይነካው እመርጣለሁ።

እዚያ ድረስ ከተከፈተ ፓራኦሊዮውን፣ የጎማ ኩሽኔታዎቹንና ጋስኬቶቹን አብሮ ማደስ ነው፤ ድጋሚ ለመክፈት ያለው ድካም ከዕቃው ይበልጣል። ለጎማው ኩሽኔታ ዳዶ የሚሆነው 54 ሚሊሜትር መፍቻ ነው። በመዶሻና በካቻቪቴ ጠርዙን እየመቱ የሚፈቱ አሉ፤ እንዲህ የተመታ ዳዶ በትክክል ተጠብቆ አያውቅም፣ እርስዎ ፊት ለፊት ቆመው ይከልክሉ።

የመሪ ዘንጎቹ ጫፎች ለማየት ቀላል ናቸው። ያው ረዳትዎ መሪውን ሲያወዛውዝ እጅዎን ጫፉ ላይ ጣል ያድርጉ፤ ልልነት ከዓይን በፊት ለጣት ይታወቃል። ያረጀውን ሲቀይሩ የፊት ጎማዎቹ ከፊት ጫፋቸው ወደ ውስጥ የሚጠጉባት ጥቂት ሚሊሜትር ስለምትዛባ ከሁሉም ሥራ በኋላ እንደገና ያስለኩ። የመሪው ሳጥን ሻንሲው ላይ የታሰረበትንም ቦታ አጽድተው በባትሪ ብርሃን ይፈትሹ፤ ትልልቅ ጎማ ያለው መኪና እዚያ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ስንጥቁ ጭቃ ሥር ይደበቃል።

ስለ ጎማው ብዙ አልልም። የመረጡት መጠን ለዚህ መኪና አይበዛበትም። ቁመቱ (ዲያሜትሩ) ግን ከ791 ወደ 834 ሚሊሜትር ስላደገ ፍጥነት መቁጠሪያዎ በ5 በመቶ ገደማ ያሳንሳል፤ 80 ብሎ ሲያሳይዎ 84 ላይ ነዎት። ቸርኬም አብረው ቀይረው ከሆነና ጎማው ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር እያንዳንዱ ጉድጓድ መሪውን የሚጎትትበት ጉልበት ይረዝማል። የድሮዎቹ ጎማና ቸርኬ ካሉዎት ደግሞ ለአንድ ቀን መልሰው ይሞክሯቸው፤ መርገፍገፉ ከተወ እንኳ ጎማው ጥፋተኛ ነው አይበሉ፣ ቀላል ጎማ ልሉን ነገር ሳይቀሰቅስ አልፎ ይሆናል።

አሁን ወደ ዊንቹ። አይግጠሙ አልልም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይለወጥ። የብረት መከላከያና ዊንች ሲደመሩ 100 ኪሎግራም ሊደርሱ ይችላሉ፣ ያም ከአክስሉ ፊት ለፊት የተንጠለጠለ ስለሆነ አክስሉ ላይ ከራሱ ክብደት በላይ ያርፋል። የገዙት ሞላ ባዶ ለሆነ የፊት ክፍል የተሠራ ከሆነ ወደ ታች ይቀመጣል። ለምሳሌ 20 ሚሊሜትር ቢወርድ ካስተሩ በአንድ ዲግሪ ገደማ ራሱ ይመለሳል። መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን በሞላው ድካም የተገኘ ካስተር አይታመንም። የፊቱን ክብደት መጀመሪያ ይወስኑ፣ ለዚያ ክብደት የሚሆን ሞላ ይኑርዎ፣ ጎሚኒውን ለዚያ ከፍታ ይምረጡ። ዊንቹን በብረት ገመድ ፈንታ በሰው ሠራሽ ገመድ ቢወስዱት ከፊትዎ ደህና ክብደት ይቀንሳል።

ካስተሩ ሲስተካከል ሌላ ነገር እንደሚነካ ይወቁ። አክስሉን ወደ ኋላ ስናጋድም የዲፈረንሻሉ አፍ ወደ ታች ይመለከታል፣ ኃይል ወደ አክስሉ የሚያደርሰው የፊቱ የካርዳን ዘንግ መገጣጠሚያም ይታጠፋል። መኪናዎ አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ የሚያዞር ዓይነት ከሆነ አዲስ ንዝረት ሊሰማዎ ይችላል። ይህ መርገፍገፍ አይደለም፤ የፊቱን ካርዳን ፈትተው የመሃሉን ዲፈረንሻል ቆልፈው ትንሽ ቢነዱና ቢጠፋ ከዚያው ነው። ለ50 ሚሊሜትር ብዙ ጊዜ አያስቸግርም፤ ካስቸገረ ድርብ መገጣጠሚያ ያለው ካርዳን ይፈታዋል።

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር፤ ፍሬን ነውና ዝም ማለት አልችልም። ከኋላ አክስልዎ ወደ ሻንሲው የምትሄድ ቀጭን ዘንግ አለች፤ የጭነቱን መጠን ለኋላ ፍሬን ቫልቭ የምትናገር ናት። ሻንሲው ከፍ ሲል መኪናው ባዶ ነው ብላ ትናገራለች፣ ቫልቩም የኋላውን ፍሬን ያሳንሳል። መኪናዎ እየጫነ ሳለ ፍሬኑ እንደ ባዶ ይሆናል ማለት ነው። መያዣዋን በ50 ሚሊሜትር ከፍ ማድረግ ትንሽ ሥራ ነው። እስካሁን ካልተደረገ ከጎሚኒው ጋር አብሮ ይደረግ።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ባለቤቶች አሉና፦ የፊቱ ባሌስትራ ለሆነ መኪና ካስተር የሚመለሰው በባሌስትራውና በአክስሉ መቀመጫ መካከል በሚገባ የብረት ሽብልቅ ነው። ብረት ይሁን፤ አሉሚኒየሙ ይሰባበራል። ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበት የፊት ክፍል ያለው መኪና ደግሞ ሲከፍ ሌላ ሕመም ነው የሚታመመው፤ ይህ ምላሽ ለእሱ አይሆንም።

የካስተሩን ልኬት የግራና የቀኙን፣ ከፓንሃርዱ ጫፎች ያዩትን፣ ፍሬን ተረግጦ ጎማው ማንኳኳቱን አለማንኳኳቱን ጽፈው ይላኩልኝ። በእነዚህ ሦስቱ ጎሚኒው ብቻ ይበቃ እንደሆነ ወይም አንጓው መከፈት ይገባው እንደሆነ እነግርዎታለሁ። አንጓው ከተከፈተም የስበት ሚዛኑ ያነበበውን ቁጥር አብረው ይጻፉልኝ።